ልጅ ለማሳደግ ሥራ የምትለቁ እናቶች፦ ከመልቀቂያው ደብዳቤ በፊት ያሉት ስድስት ወራት

ጅማ ውስጥ ሥራ ለቀው ልጅ ለማሳደግ ያሰቡ እናቶች ሲያማክሩኝ ቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ መልቀቂያው ደብዳቤ አጻጻፍ ነው። ደብዳቤው ሦስት መስመር ነው፤ ማንም ይጽፈዋል። ጣጣው ያለው ከእሱ በፊት ነው። ብድሩ፣ ዋስትናው፣ እቁቡ፣ ሕክምናው፣ ሁሉም ደመወዝ ላይ የተንጠለጠለ ነው። አስቀድሞ አንድ በአንድ ካልተፈታ ደመወዙ የቆመ ወር ሁሉም ባንድ ላይ ይመጣል። ለዓመታት በሰው ኃይል አስተዳደር ሠርቻለሁ፤ ልጆቼን ለማሳደግ ወጥቼም ተመልሼ ገብቻለሁ። ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ። የምጽፈው በጊዜ ቅደም ተከተሉ ነው።

ስድስት ወር ሲቀራችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ «ልልቀቅ ወይስ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ልጠይቅ» የሚለው ነው። ብዙዎች ሁለተኛው መንገድ መኖሩን ሳያውቁ ይለቃሉ። በግል ድርጅት ለምትሠሩ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በሠራተኛው ጥያቄ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ሲሰጥ የሥራ ውሉ ሳይቋረጥ ለጊዜው እንዲታገድ ይፈቅዳል። ደመወዝ ይቆማል፤ ውሉ ግን አለ። አሠሪው የመስጠት ግዴታ የለበትም፤ ስለዚህ ጥያቄው በደንብ መዘጋጀት አለበት። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ፣ ሥራውን ማን እንደሚሸፍን፣ ስትመለሱ በየትኛው መደብ እንደምትመደቡ ጻፉ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። «አንቺማ የኛው ነሽ፣ ስትፈልጊ ትመጫለሽ» የሚል የአለቃ ቃል አለቃው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል። ፈቃዱ ባለቀ ማግስት ባለው የሥራ ቀን ካልተገኛችሁ ደግሞ ውሉ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ያንን ቀን ከባላችሁም ከእናታችሁም ጋር ሆናችሁ ያዙት። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠሩ በዚህ አዋጅ አትተዳደሩም። የክልል መሥሪያ ቤት ከሆነ የኦሮሚያ፣ ዩኒቨርሲቲው ወይም ሌላ የፌዴራል ተቋም ከሆነ የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው የሚገዛችሁ። የፈቃዱ ርዝመትና ሁኔታ ስለሚለያይ የራሳችሁን ሕግ ከሰው ኃይል ክፍል ጠይቃችሁ በዓይናችሁ አንብቡት።

ለመልቀቅ ከወሰናችሁ ቀኑን በስሜት አትምረጡ። ነፍሰ ጡር ሆና የምትለቅ ሴት በእጇ ያለውን ገንዘብ ጥላ ነው የምትሄደው። አዋጁ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። የቅድመ ወሊዱ 30 ቀን አልቆ ካልወለዳችሁ እስክትወልዱ ይራዘማል፤ ቀድማችሁ ከወለዳችሁ ደግሞ የድኅረ ወሊዱ 90 ቀን ወዲያው ይጀምራል። መጀመሪያ ይህን ጨርሱ። ከዚያ ያልወሰዳችሁትን የዓመት ፈቃድ አያይዙ። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ስትለቁ ያልተጠቀማችሁበት ወደ ገንዘብ ተቀይሮ ይከፈላል። እኔ ግን ሕፃኑ በእጅ እያለ ቀኑን መውሰድ ይሻላል እላለሁ፤ የመረጣችሁትን ግን አስልታችሁ ምረጡ። የባል ፈቃድ በግል ድርጅት ሦስት ተከታታይ ቀን ብቻ ስለሆነ ከእሱ ብዙ አትጠብቁ። ይልቁንስ እሱም የዓመት ፈቃዱን ለዚያ ወቅት ያስቀምጥ።

ቀኑን ስትቆርጡ ሁለት ድንበሮችን ተመልከቱ፦ አምስት ዓመትና አሥር ዓመት።

አምስት ዓመቱ የሥራ ስንብት ክፍያ ነው። በራሷ ፈቃድ የምትለቅ ሠራተኛ ቢያንስ አምስት ዓመት ካገለገለችና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ ከሌለባት ክፍያው ይገባታል። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ሲሆን ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ደመወዟ 12,000 ብር ሆኖ ሰባት ዓመት የሠራች እናት 12,000 ሲደመር ስድስት ጊዜ 4,000፣ በድምሩ 36,000 ብር ይወጣላታል። ግብር ስለሚነሳለት በእጅ የሚገባው ከዚህ ያንሳል፤ በዕቅዳችሁ ሙሉውን አትቁጠሩት። አራት ዓመት ከአሥር ወር ሠርተው የሚለቁ ሰዎች ፋይል በእጄ አልፏል፤ ሁለት ወር ቢታገሡ ኖሮ ብላችሁ ማዘናችሁ አይቀርም። በድርጅቱ ወጪ ማስተርስ የተማራችሁ ደግሞ የገባችሁትን ውል አውጥታችሁ ስንት ዓመት እንደቀራችሁ ቁጠሩ። ካላገለገላችሁ የትምህርት ወጪውን መልሱ የሚል አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ አለበት።

አሥር ዓመቱ ጡረታ ነው። በግል ድርጅት ከእናንተ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ በየወሩ ይገባል። የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ አሥር ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፤ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የሠራችሁት ይደመራል። ስለዚህ ዛሬ ስድስት ዓመት ይዛችሁ ብትወጡ ያ ስድስት ዓመት አይጠፋም፤ ስትመለሱ ከዚያ ይቀጥላል። የሚጠፋው ማስረጃው ነው። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን፣ መዋጮው በእርግጥ ገቢ መደረጉን፣ የተቀጠራችሁበትንና የለቀቃችሁበትን ቀን የሚያሳይ ደብዳቤ ሳትይዙ አትውጡ። ድርጅቱ ከዓመታት በኋላ ተሽጦ ወይም ተዘግቶ ብታገኙት ማንን ትጠይቃላችሁ?

እዚህ ከተማ ውስጥ የማየው አንድ ጣጣ የስም አጻጻፍ ነው። የቀበሌ መታወቂያው በቁቤ፣ ዲግሪው በእንግሊዝኛ፣ የቅጥር ደብዳቤው በአማርኛ ሲሆን የአንዲት ሴት ስም ሦስት መልክ ይይዛል። ሥራ ላይ እያላችሁ የሚያውቃችሁ ሰው ስላለ ማንም አይጠይቅም፤ ከወጣችሁ በኋላ ግን የጡረታውና የባንኩ ሠራተኛ ወረቀቱን ብቻ ነው የሚያየው። የፋይዳ ምዝገባችሁን ከዲግሪያችሁ ጋር አመሳክሩ፤ ልዩነት ካለ አሁኑኑ አስተካክሉ።

ወደ ዋናው ልምጣ። ክሊራንስ ላይ፣ ማለትም ከመሥሪያ ቤቱ ንብረትም ዕዳም እንደሌለባችሁ በሚረጋገጥበት ጊዜ፣ ሰውን አስሮ የሚይዘው ንብረት አይደለም፣ ዋስትና ነው። አገራችን ውስጥ ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ ሾፌር ሲቀጠር የደመወዝ ዋስ ይጠየቃል፤ እኛም ለዘመድ፣ ለጎረቤት ልጅ፣ ለጓደኛ ባል ፈርመን እንረሳዋለን። ያ ደብዳቤ ግን ፋይላችን ውስጥ ተቀምጧል። መልቀቂያ ስታስገቡ የሰው ኃይል ክፍሉ ያወጣዋል፤ ዋስ የሆናችሁለት ሰው ሌላ ዋስ እስኪያመጣ ድረስም ክሊራንሱ ሊጓተት ይችላል። ምትክ ዋስ ማግኘት ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል፤ የማይፈልግም አለ፤ ስልክ የማያነሳም አለ። ስለዚህ ከአራት ወር በፊት ወደ ሰው ኃይል ሄዳችሁ «በስሜ ስንት ዋስትና አለ?» በሉ። ለእያንዳንዱ ሰው በአክብሮት ግን ቁርጥ ያለ ቀን ንገሩት፤ «ጋሼ፣ በመጋቢት ስለምለቅ እስከ የካቲት መጨረሻ ምትክ ያቅርቡልኝ» ማለት ነውር የለውም። ምትኩ ሲተካ ዋስትናው መነሳቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ቅጂ ያዙ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለጠፋው ገንዘብ ልትጠየቁ እንደምትችሉም እወቁ። ለእናንተ ዋስ ሆነው ለፈረሙትም ነፃ መሆናቸውን አስነግሩላቸው፤ ስትመለሱ ሁለተኛ የምትለምኗቸው እነሱኑ ነው።

ከዋስትና ቀጥሎ ብድር። ከሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበር የወሰዳችሁት ብድር ከደመወዝ ይቆረጥ ነበር፤ ደመወዝ ሲቆም በየመተዳደሪያ ደንቡ ወይ ከቁጠባችሁ ጋር ይቻቻላል፣ ወይ ቀሪውን ባንዴ ትጠየቃላችሁ። የባንክ ሠራተኞች በተለይ ተጠንቀቁ። በሠራተኛ ወለድ የወሰዳችሁት የቤት ወይም የመኪና ብድር ከለቀቃችሁ በኋላ ወደ ገበያ ወለድ ሊዞር ይችላል፤ የወር ክፍያው በስንት እንደሚያድግ በጽሑፍ ሳታገኙ ደብዳቤ አታስገቡ። ያ አንድ ቁጥር ብቻውን ውሳኔውን ሊቀይር ይችላል።

እቁብን በተመለከተ ሕጉ የዳኛው ነው። ዕጣ ደርሷችሁ ከወሰዳችሁ እስከ መጨረሻው መክፈል ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ከመልቀቂያው ቀን በኋላ የሚቀሩትን ዙሮች ቁጠሩና ገንዘቡን ለብቻው አስቀምጡ። ካልደረሳችሁ ደግሞ ነገሩን ለዳኛው ገልጣችሁ በመጨረሻው ሁለት ወር ውስጥ ዕጣውን ከሌላ አባል ጋር እንድትለዋወጡ ጠይቁ፤ ምክንያቱ ልጅ መሆኑን ሲሰማ እምቢ የሚል ዳኛ ጥቂት ነው። አዲስ እቁብ ግን አትጀምሩ። እድር በተቃራኒው ነው። የመሥሪያ ቤቱ መረዳጃ ከሥራ ጋር አብሮ የሚቆም ከሆነ የሠፈሩን እድር አስቀድማችሁ ግቡ። መመዝገቢያ የሚያስከፍልና ገና ለገባ አባል ለጊዜው ሙሉ ድጋፍ የማይሰጥ እድር አለ። እቤት ስትውሉ የሠፈር ሰው ከመሥሪያ ቤት ሰው ይልቅ ይቀርባችኋል።

አሁን ገንዘቡን እናስላ። ብዙ ሰው «የስድስት ወር ደመወዜን ላስቀምጥ» ይላል፤ ይህ ስሌት አይደለም። የሚያስፈልገው የጉድለቱ መጠን ነው። ምሳሌ ልስጥ፦ የባል ደመወዝ ተቆራርጦ 15,000 ብር ይገባል፤ የቤቱ ወጪ ሕፃኑን ጨምሮ 19,000 ነው፤ ጉድለቱ በወር 4,000 ነው። 18 ወር እቤት ለመቆየት 72,000 ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ሕመም፣ ኀዘን ወይም የባል ደመወዝ መዘግየት ቢመጣ ተብሎ የሁለት ወር ሙሉ ወጪ፣ 38,000፣ ይጨመር። ድምሩ 110,000 ነው። ከስንብት ክፍያው 30,000፣ ከቁጠባ 40,000 ካለ 40,000 ይጎድላል። ያ የአሥር ወር ጉድለት ነው፤ ስለዚህ ያ ቤተሰብ ያለ ብድር የሚችለው 18 ወር ሳይሆን ስምንት ወር ነው። ይህን ቁጥር ከመልቀቃችሁ በፊት ማወቅና ከለቀቃችሁ በኋላ ማወቅ በጣም ይለያያል። የገበያው ዋጋ ስለማይቆም በየሦስት ወሩ እንደገና አስሉት።

19,000 የሚለውን ቁጥር ከየት ታመጣላችሁ? ከሙከራ። መልቀቂያው ከመድረሱ በፊት ለአራት ወር በአንድ ደመወዝ ብቻ ኑሩ፤ የእናንተ ደመወዝ በገባበት ቀን ወደ ሌላ ሂሳብ ይዛወርና አይነካ። ወለድ የማትፈልጉ ወለድ አልባ ሂሳብ ክፈቱ። በጊዜ ገደብ አትቆልፉት፤ የምትፈልጉበት ቀን አይታወቅም። ሙከራው ሁለት ጥቅም አለው፦ ገንዘቡ ይጠራቀማል፣ እውነተኛው ወጪም ይታያል። ሙከራው ከበዓል ወር ጋር እንዲገጥም አድርጉ፤ ዒድም ሆነ ፋሲካ የሌለበት ሙከራ ያታልላል። እቤት ስትውሉ የባጃጅና የምሳ ወጪ ይቀንሳል፤ ከሰል፣ መብራት፣ ውሃ፣ ለእንግዳ የሚፈላው ቡና ግን ይጨምራል። የቡናው ወጪ በጅማ ቀልድ አይደለም።

የእህል ነገር። በመኸር ማግሥት፣ ከጥር እስከ የካቲት፣ ሐሙስ ገበያ ወጥቶ ጤፍና በቆሎ መሸመት በክረምት በቁና ከመግዛት ይሻላል። ነገር ግን የጅማ እርጥበት የሚታወቅ ነው። በደንብ ያልደረቀ በቆሎ ይሻግታል፣ ነቀዝም ይገባዋል። ፀሐይ አስመትታችሁ፣ ከመሬትም ከግድግዳም አርቃችሁ በእንጨት ላይ አስቀምጡ፤ ሳይፈጭ ይቀመጥ፤ ዱቄቱ ከወር ፍጆታ አይብለጥ። ከቤተሰብ ቡና ያላችሁ ገንዘቡ የሚገባው ከኅዳር እስከ ጥር ስለሆነ የመልቀቂያውን ቀን ከዚያ በኋላ ብታደርጉት ክረምቱን ገንዘብ ይዛችሁ ትገባላችሁ።

ከባል ጋር የሚደረገው ንግግር ስለ ፍቅር ሳይሆን ስለ ቀንና ስለ ብር ይሁን። በቤተሰብ ሕጉ ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመን ከሥራቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው፤ ይሁንና ገንዘቡ በማን ስልክ ውስጥ እንዳለ ኑሮን ይቀይራል። ደመወዝ በገባ ቀን የተስማማችሁበት መጠን፣ የአስቤዛውና የእናንተ የግል ወጪ ሁለቱም፣ ወደ ሂሳባችሁ ይግባ። ለሳሙና በየቀኑ እጅ መዘርጋት ጥሩውን ትዳር ያሻክራል። ሂሳባችሁን አትዝጉ። ይህን የምታነቡ ባሎች፣ ሚስታችሁ «እቤት ተቀምጣ» አይደለችም፤ ማታ ሁለት ሰዓት ሕፃኑን ተቀብሎ ለእሷ አንድ ሰዓት መስጠትን የዕቅዱ አካል አድርጉት።

ሕክምናውን አታዘግዩ። መሥሪያ ቤቱ የሚሸፍነው ሕክምና ካለ ጥርሱን፣ መነጽሩን፣ የተላለፈውን ምርመራ ሁሉ ሳይቋረጥ ጨርሱ፤ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያውም ያኔውኑ ከባለሙያ ጋር ተነጋገሩ፤ ያላሰባችሁት ሁለተኛ እርግዝና ዕቅዱን ያፈርሰዋል። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ለመግባት መቻላችሁን ከቀበሌ ጠይቁ፤ ምዝገባው በዓመት በተወሰነ ወቅት ስለሆነ ካመለጣችሁ እስከሚቀጥለው ትጠብቃላችሁ። የሕፃኑ ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፦ እንደተወለደ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ በ9 ወርና በ15 ወር። ልደቱንም በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ፤ የሆስፒታሉን የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ካልጣላችሁ ሥራው ቀላል ነው። አጎበር ከጅማ ቤት አይጠፋም፤ ቀዳዳውን ስፉ።

ስለ ቤት ሠራተኛ ያለኝ አስተያየት ብዙዎችን አያስደስትም። ወጪ ለመቀነስ ብላችሁ መጀመሪያ እሷን አታሰናብቱ። ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በግማሽ ቀን ወይም በሳምንት ሦስት ቀን ትምጣ። ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ የሽንት ጨርቅ አይደርቅም፤ ስለዚህ ጨርቅ ለመጠቀም ያሰባችሁ ከምታስቡት እጥፍ አዘጋጁ፤ በረንዳ ሥር ነፋስ የሚያገኘው ገመድ ወጥሩ። በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥላችሁ አታድርቁ፤ ጭሱ የማይታይ መርዝ አለው፣ ሕፃን ያለበት ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይደረግም።

የመጨረሻው ወር መጣ። ማስጠንቀቂያው 30 ቀን ነው። ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት አስገቡ፣ በቅጂው ላይ ቀንና ማህተም አስደርጉ። አንዳንድ አሠሪ ማስጠንቀቂያው ከፈቃዱ ጋር አብሮ እንዲቆጠር ይስማማል፤ ስምምነቱን በጽሑፍ ያዙ። ከወሊድ ፈቃድ በኋላ ዝም ብሎ መቅረት የሁሉም የከፋው ነው፦ ያለ ማስጠንቀቂያ የለቀቀ ሠራተኛ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሣ ሊከፍል ይችላል፣ የስንብት ክፍያውንም ሊያጣ ይችላል፣ ፋይሉም ላይ «ሥራ ጥሎ የጠፋ» የሚል ይሰፍራል። ክፍያችሁ ውሉ ከተቋረጠ በኋላ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። የሥራ ልምድ ማስረጃ አሠሪው በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ የሥራውን ዓይነት፣ ዘመኑንና ደመወዙን መያዙን አረጋግጡ፤ በየደረጃው የሠራችሁበት መደብ ሁሉ በዝርዝር ይጻፍ። የዕድገት ደብዳቤዎች፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤት፣ የሥልጠና የምስክር ወረቀት ሁሉ ፎቶ ተነሥቶ ስልክ ላይ ብቻ ሳይሆን ኢሜይል ላይም ይቀመጥ። የቅርብ አለቃችሁ ሳይዛወር በፊት የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍላችሁ።

እቤት ከገባችሁ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ምንም ዓይነት ንግድ አትጀምሩ። እንጀራ ልሽጥ፣ ቡና ቆልቼ ላቅርብ የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ሕፃኑ ሌሊት የማይተኛበት ጊዜ ላይ ነው፤ ካፒታሉም ከዚያው ከተጠባባቂው ገንዘብ ነው የሚወጣው። ይልቅ ሙያችሁን ያዙ። የነርስነት፣ የፋርማሲ ወይም የመምህርነት ፈቃድ ያላችሁ የእድሳት ቀኑን ጻፉ፤ ለእድሳቱ የሚጠየቀውን ሥልጠና በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ውሰዱ እንጂ ለመጨረሻው ወር አታከማቹ። ሒሳብ ሠራተኞች የግብር ሕጉ ሲቀየር ተከታተሉ። ከቀድሞ ባልደረቦች አንድ ሁለቱን በወር አንዴ ደውሉላቸው።

መመለስ ስትፈልጉ ከስድስት ወር በፊት ጀምሩ። ጅማ ውስጥ ክፍት የሥራ ቦታ በጋዜጣና በቴሌግራም ቻናል ብቻ አይወጣም፤ በየመሥሪያ ቤቱ በር ያለው ሰሌዳ ላይም ይለጠፋል፤ ለጥቂት ቀናት ቆይቶ ይነሳል። በሳምንት አንድ ቀን ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ ያለውን ሰሌዳ መዞር ልማድ ይሁን። ማመልከቻው ላይ የቆያችሁበትን ጊዜ አትደብቁ፤ «ልጅ ለማሳደግ» ብላችሁ ከቀኑ ጋር በአንድ መስመር ጻፉትና በዚያ ጊዜ የወሰዳችሁትን ሥልጠና ከሥሩ አስፍሩ። ቃለ መጠይቅ ላይ «ልጁን ማን ይይዝልሻል?» መባላችሁ አይቀርም፤ መልሱ የሰው ስምና ሰዓት ያለው ይሁን፦ ማን፣ ከስንት እስከ ስንት፣ ያ ሰው ቢታመም ደግሞ ማን። ሞግዚት ወይም አያት የሚይዙት ከሆነ ሥራው ከመጀመሩ ሦስት ሳምንት በፊት ልምምዱን ጀምሩ፦ የመጀመሪያው ሳምንት እናንተ እቤት እያላችሁ፣ ሁለተኛው ግማሽ ቀን ወጥታችሁ፣ ሦስተኛው ሙሉ የሥራ ሰዓት። የጡት ወተት የሚጠባ ከሆነ አልባችሁ በኩባያ መስጠቱን በዚያው ሳምንት ያለማምዱት።